ለሐረር ሙዚየም የቅርስ መመዝገቢያ ሶፍትዌር ስትመርጡ መጀመሪያ ፎርሙን እዩ

ሐረር ላይ ቅርስ የሚመዘግብ ሰው ከሦስት ዓይነት ፊደልና ከሦስት ዘመን አቆጣጠር ጋር ነው የሚውለው። የእጅ ጽሑፉ በዓረብኛ ነው። አንዳንዱ ደግሞ ቋንቋው ሐረሪ ሆኖ ፊደሉ ዓረብኛ ነው። የድሮው የመዝገብ ካርድ በአማርኛ ተሞልቷል። ከጎኑ የውጭ ተመራማሪ በእንግሊዝኛ ወይ በፈረንሳይኛ የጻፈው ማስታወሻ አለ። ዘመኑም እንደዚያው ነው፦ ሒጅራ፣ የእኛ፣ የፈረንጅ። ጁገል ውስጥ በራስ ተፈሪ ቤት ያለውን የሸሪፍ ሙዚየም የጎበኘ ሰው ነገሩ ይገባዋል። እጅ ጽሑፍ፣ ሳንቲም፣ የሣር ስፌት፣ የጦር መሣሪያ፣ የድምፅ ቅጂ አንድ ጣሪያ ሥር ነው።

ስለዚህ ሶፍትዌር ስንመርጥ በእኔ እምነት መጀመሪያ የሚታየው መዝጋቢዋ ቀኑን ሙሉ የምታፈጠው ስክሪን ነው። ሦስት ሶፍትዌሮችን በዚህ ዓይን ላወዳድር። ኮሌክቲቭአክሰስ እና ኮሌክሽንስፔስ ክፍት ምንጭ ናቸው፤ ኮዳቸውን ማንም አይቶ መቀየር ይችላል። ለሶፍትዌሩ አይከፈልም፣ ለሰርቨርና ለባለሙያ ግን ይከፈላል። ኢሃይቭ ቨርኖን ሲስተምስ የሚባል የኒውዚላንድ ድርጅት ሥራ ነው፤ በኢንተርኔት ነው የሚሠራው።

ፎርሙ

ኮሌክቲቭአክሰስ ላይ ፎርሙን ራሳችሁ ትሠሩታላችሁ። የትኛው መስክ (የሚሞላው ሳጥን) የትኛው ስክሪን ላይ እንደሚወጣ በማውዝ እየጎተታችሁ ታስቀምጣላችሁ። የመስኩን ስም በአማርኛ ትጽፉታላችሁ፦ «መለያ ቁጥር»፣ «የተገኘበት መንገድ»፣ «ያለበት ሁኔታ»። ሳንቲም ሲመዘገብ ክብደትና ስፋት፣ እጅ ጽሑፍ ሲመዘገብ የቅጠል ብዛትና የጥራዝ ዓይነት እንዲወጣ ማድረግ ይቻላል። በጣም የምወድለት ግን ሌላ ነገር ነው። አስተዳዳሪው ቋንቋዎቹን ከጨመረ፣ አንዱ መስክ ውስጥ ያለው ጽሑፍ በየቋንቋው ተለይቶ ይቀመጣል። የሐረር ስፌት እንደየዓይነቱ በሐረሪ የራሱ ስም አለው። ሁሉንም «ስፌት» ብሎ መመዝገብ ያንን ስም መቅበር ነው። እዚህ ግን የአማርኛውና የሐረሪው ስም ጎን ለጎን ይኖራሉ።

ዋጋው ጊዜ ነው። ይህን ሁሉ የሚያስተካክል ሰው ካልተገኘ መዝጋቢዎቹ የማይገባቸው ፎርም ላይ ይቀራሉ።

ኮሌክሽንስፔስ የሚመጣው ሥርዓቱን ይዞ ነው። «አዲስ ፍጠር» የሚለው ገጽ በሦስት ይከፈላል፦ ቅርሶች፣ የሥራ ሂደቶች፣ የስም መዝገቦች። ሂደቶቹ ስፔክትረም የተባለውን የእንግሊዞቹን የሙዚየም አሠራር ደረጃ ይከተላሉ። ውሰት፣ ርክክብ፣ የቦታ ለውጥ፣ የጉዳት ምርመራ እያንዳንዱ የራሱ ፎርም አለው። አንድ ጩቤ ስትከፍቱ ከጎኑ ከእሱ ጋር የተያያዘው ሁሉ ተዘርዝሮ ይታያል፦ ፎቶው፣ የሰጠው ሰው፣ የወጣበት ኤግዚቢሽን። ለአዲስ ሠራተኛ እንደ አስተማሪ ነው። ግን ፎርሙ ረጅም ነው፤ ባዶ መስክ ይበዛዋል። የመስክ ስም ወደ አማርኛ ለመቀየርም ማውዝ አይበቃም፣ ኮድ የሚነካ ሰው ይፈልጋል።

ኢሃይቭ ቀላሉ ነው። አካውንት ከፍታችሁ ዛሬውኑ መመዝገብ ትችላላችሁ። እያንዳንዱን መዝገብ ለሕዝብ ማሳየት ወይም ለራስ ማስቀረት ይቻላል። ፎርሙን ግን በአብዛኛው እንዳለ ነው የምትቀበሉት።

ዘመኑ

እዚህ ላይ ብዙ ስህተት አይቻለሁ። አንድ እጅ ጽሑፍ መጨረሻው ላይ 1200 ብሎ የተገለበጠበትን ዓመት ይነግረናል እንበል። ሒጅራ ነው። በፈረንጅ 1785/86፣ በእኛ 1778/79 ማለት ነው። መዝጋቢዋ የቀን መስኩ ላይ 1200 ብላ ከጻፈች ኮምፒውተሩ የፈረንጅ 1200 አድርጎ ይወስደዋል። መጽሐፉ በአንድ ጊዜ ወደ 600 ዓመት አረጀ! «የ12ኛው ክፍለ ዘመን» ተብሎ ኤግዚቢሽን ላይ ይወጣል፣ እንግዳም ፎቶ አንስቶት ይሄዳል።

ኮሌክሽንስፔስ ለዚህ የተሻለ መልስ አለው። የቀን መስኩን ስትነኩ ሰፋ ያለ ሳጥን ይከፈታል። ከላይ ዘመኑን ቅርሱ ላይ እንዳለ ትጽፋላችሁ፤ ከታች ለፍለጋ የሚሆነውን የመጀመሪያና የመጨረሻ ዓመት በፈረንጅ ትሞላላችሁ። ማስታወሻም ቦታ አለው። ኮሌክቲቭአክሰስ በእንግሊዝኛ «18ኛው ክፍለ ዘመን» ወይም «1786 ገደማ» ብትሉት ይገባዋል፤ የሚያስበው ግን በፈረንጅ ነው። ስለዚህ «ቅርሱ ላይ የተጻፈው ዘመን» የሚል የጽሑፍ መስክ ከጎኑ ጨምሩ። መጨመሩ ከባድ አይደለም። ካልጨመራችሁ ግን ዋናው ቁጥር ይጠፋል። ኢሃይቭ ላይ የመጀመሪያውን ዘመን መግለጫው ውስጥ ጻፉት።

ድሬዳዋ ላይ የባቡሩን ዕቃና ሰነድ ለሚመዘግቡ ይህ ራስ ምታት ይቀላል። ወረቀቱ በአብዛኛው ፈረንሳይኛ ነው፣ ዘመኑም የፈረንጅ።

ፍለጋው

ሐረር፣ ሀረር፣ ሃረር። ለእኛ አንድ ከተማ ነው፣ ለኮምፒውተር ሦስት ቃል። «ዓሊ» እና «አሊ»፣ «ጸሐፊ» እና «ፀሀፊ» ላይም እንደዚያው። አንዷ መዝጋቢ በአንዱ፣ ሌላዋ በሌላው ከጻፉ ፍለጋው ግማሹን ብቻ ያመጣል። ያልተገኘው ደግሞ «የለም» ይባላል። በኤክሴል ስንሠራ አንድ ሳጥን ሙሉ ሳንቲም የጠፋ መስሎን ሁለት ቀን ፈልገናል። ሳጥኑ መደርደሪያው ላይ ነበር፤ የተለየው ፊደሉ ነው።

መድኃኒቱ የስም መዝገብ ነው። ኮሌክቲቭአክሰስም ኮሌክሽንስፔስም አንዱን ስም ዋና አድርገው ሌሎቹን አጻጻፎች ተለዋጭ ስም ብለው ይይዛሉ። ኮሌክሽንስፔስ ላይ ጥቂት ፊደል ስትጽፉ ዝርዝር ይወርድላችኋል፤ ስሙ ከሌለ እዚያው ትጨምራላችሁ። ደስ ይላል፣ ግን አደጋ አለው። ሁሉም ሰው መጨመር ከቻለ ሦስቱ ሐረሮች ተመልሰው ይመጣሉ። ፈቃዱን ለአንድ ሰው ብቻ ስጡ።

ዓረብኛውን ደግሞ ከአማርኛ ጋር አንድ መስክ ውስጥ አትቀላቅሉ። አንዱ ከቀኝ፣ አንዱ ከግራ ስለሚጀምር ቁጥሩና ነጥቡ ቦታ ይቀያየራል። ለብቻው መስክ ይኑረው።

ዕቃው የት ነው ያለው

ኮሌክቲቭአክሰስ ቦታን እንደ ዛፍ ያሳያል፦ ሕንፃ፣ ክፍል፣ መደርደሪያ፣ ሳጥን። አንዱን ስትነኩ ቀጣዩ ከጎኑ ይከፈታል፤ ለዓይን ግልጽ ነው። ኮሌክሽንስፔስ እያንዳንዱን ዝውውር በራሱ መዝገብ ይይዝና አሁን ያለበትን ቦታ ራሱ አውጥቶ ያሳያል። ዕቃ ለኤግዚቢሽን በብዛት የሚወጣ የሚገባ ከሆነ ሁለተኛውን እመርጣለሁ። ማን፣ መቼ፣ ለምን ወሰደው የሚለው ጥያቄ አንድ ቀን መምጣቱ አይቀርም።

መብራትና ኔትወርክ

ኢሃይቭ ያለ ኢንተርኔት አይሠራም። ሌሎቹን ሁለቱን ግን ሙዚየሙ ውስጥ ባለ ሰርቨር ላይ ማስቀመጥ ይቻላል። ኮሌክሽንስፔስ ጠንከር ያለ ማሽን ይፈልጋል። ሁለቱም ላይ ሴቭ ሳይደረግ መብራት ከሄደ የጻፋችሁት ይሄዳል። ዩፒኤስ፣ መብራት ሲሄድ ኮምፒውተሩን ለጊዜው የሚያቆየው ባትሪ፣ በጀቱ ውስጥ ይግባ።

እንግዲህ ለቤተሰብ ስብስብ፣ ኢንተርኔቱ ደህና ከሆነ ኢሃይቭ ይበቃል። ብዙ ሠራተኛና ብዙ ውሰት ላለው ሙዚየም ኮሌክሽንስፔስ። እጅ ጽሑፍና ስፌት ለበዛበት የሐረር ሙዚየም፣ አንድ የኮምፒውተር ሰው ካለ፣ እኔ ኮሌክቲቭአክሰስን እወስዳለሁ። ለሐረሪው ስም ስል።

ከመወሰናችሁ በፊት አንድ እጅ ጽሑፍ፣ አንድ ሳንቲም፣ አንድ ስፌት ይዛችሁ የሙከራው ስክሪን ላይ አስመዝግቡ። መዝጋቢዋ ትጻፍ፣ ሶፍትዌሩን የሚያሳየው ባለሙያ እጁን ይሰብስብ። ከዚያ ሦስቱን መዝገቦች ወደ ኤክሴል አውጡና ክፈቱ። አማርኛውና ዓረብኛው በጥያቄ ምልክት ተተክቶ ከመጣ፣ እንዴት እንደሚስተካከል ባለሙያው እዚያው ፊታችሁ ያሳያችሁ። ነገ ሶፍትዌር ብትቀይሩ ይዛችሁ የምትወጡት ያንን ፋይል ነው።