ኤልዳሞ፦ የኤልፍ ቃላትን ከነታሪካቸው የሚያስቀምጥ መዝገበ ቃላት

«የቀለበቶቹ ጌታ»ን (The Lord of the Rings) የጻፈው ቶልኪን ኤልፍ ለሚባሉት የምናብ ፍጡራኑ የፈጠራቸውን ቋንቋዎች መማር ጀምራችሁ «ቃሉን ከየት ላግኝ?» ለምትሉ፣ ኤልዳሞ የሚባለውን ድረ ገጽ ክፈቱ እላለሁ። ያዘጋጀው ፖል ስትራክ ነው። ክፍያ የለውም፣ ተመዝገቡም አይልም። ዳታውን ጭምር አውርዶ መውሰድ ይቻላል።

ቅዳሜ ቅዳሜ ከጓደኞቼ ጋር ዳይስ እየጣልን የምንጫወተው የምናብ ጨዋታ አለን። ታሪኩን የምመራው እኔ ስለሆንኩ ለተራራው፣ ለወንዙ፣ ለመንደሩ ስም የማወጣውም እኔ ነኝ። ስሞቹ ትክክል እንዲሆኑ በጣም እፈልጋለሁ። ደራሲው ይህን ያህል የደከመበትን ቋንቋ በዘፈቀደ መገጣጠም ደስ አይለኝም።

ችግሩ ግን ቶልኪን ያለቀለት መዝገበ ቃላት አላሳተመም። እ.ኤ.አ. በ1915 አካባቢ የመጀመሪያውን የቃላት ዝርዝር ጀመረ፤ በ1973 እስኪሞት ድረስ ሲጨምር፣ ሲሰርዝ፣ ሲለውጥ ኖረ። ብዙው ማስታወሻው የታተመው ከሞተ በኋላ ነው። ኢንተርኔት ላይ የሚዞሩት ዝርዝሮች ደግሞ የወጣትነት ዘመኑን ቃል፣ የእርጅናውን ቃል እና አድናቂዎች የፈጠሩትን ቃል ቀላቅለው አንድ ላይ ያቀርባሉ። ጀማሪ በምን ይለየው?

ኤልዳሞ ይለየዋል። ሥራውን በሦስት ዘመን ይከፍለዋል፦ እስከ 1920ዎቹ መጨረሻ ያለው፣ ከ1930 እስከ 1950 ያለው፣ ከዚያ በኋላ ያለው። ለምሳሌ «ቅጠል» የሚለውን ፈልጉ። ከኤልፍ ቋንቋዎቹ አንዱ በሆነው በኩዌንያ «ላሴ» ነው። በ1930ዎቹ ማስታወሻ፣ ያኔ ኖልዶሪን ይባል በነበረው ቋንቋ፣ ፊት ላይ ትንፋሽ ያላት «ህላስ» ሆኖ ታገኙታላችሁ። ኖልዶሪን በኋላ ሲንዳሪን የተባለው ሌላው ዋና የኤልፍ ቋንቋ ሲሆን ቃሉ «ላስ» ሆነ። የመጽሐፉ ኤልፍ ሌጎላስ በሚጠራበት ስም ውስጥ ያለው ይኸው ነው። ድረ ገጹ ሁሉንም ያሳያል፣ እያንዳንዱ የየትኛው ዘመን እንደሆነም አጠገቡ ይጽፋል።

አድናቂዎች የሠሯቸው ቃላት ደግሞ የቃለ አጋኖ ምልክት አላቸው። ይህ ምልክት ብዙ ሰው የማያውቀውን ነገር ይገልጣል። ሲንዳሪን የሚወድ ሁሉ በቃሉ የሚያውቀው «ሀኖን ሌ»፣ ማለትም «አመሰግናለሁ»፣ ከቶልኪን ብዕር የወጣ አይደለም። ከ2001 እስከ 2003 ለወጡት «የቀለበቶቹ ጌታ» ፊልሞች የቋንቋ ባለሙያው ዴቪድ ሳሎ ያዘጋጀው ነው። መሠረት ግን አለው። በኩዌንያ «ኤሩሃንታሌ» የሚባል የምስጋና በዓል አለ፤ ሥሩ የተመዘዘው ከዚያ ነው። ስለዚህ ተጠቀሙበት፣ እኔም እጠቀምበታለሁ። ብቻ የማን እንደሆነ አውቃችሁ ይሁን።

ከሁሉም በላይ የምወደው የድምፅ ለውጡን ደረጃ በደረጃ የሚያሳየውን ክፍል ነው። ሰው በኩዌንያ «አታን» ነው፤ ሲበዛ «አታኒ» ይሆናል። በሲንዳሪን ግን ነጠላው «አዳን»፣ ብዙው «ኤዳይን» ነው። ለምን? መጨረሻ ላይ የነበረችው «ኢ» ከፊቷ ያሉትን አናባቢዎች ወደ ራሷ ስባ ትለውጣለች፤ ከዚያ እሷ ራሷ ትወድቃለች። ቶልኪን ይህን የወሰደው ከሚወደው ከዌልስ ቋንቋ ነው። «አሞን» (ኮረብታ) «ኤሚን» የሚሆነውም በዚሁ መንገድ ነው። በምክንያት ባይገናኙም፣ ከግዕዝ በወረስነው «ደብር»፣ «አድባር» ላደገ ጆሮ ቃሉ ከውስጡ ተለውጦ ሲበዛ እንግዳ አይሆንበትም። እንግሊዝኛ ብቻ የሚያውቅ ሰው የሚቸገርበትን ቦታ እኛ ቶሎ እንለምደዋለን ብዬ አምናለሁ።

በዚህ መንገድ ለጨዋታችን ምንጭ «ኔን ጊልያት» የሚል ስም አወጣሁ፤ የከዋክብት ውሃ ማለት ነው። «ኔን» ውሃ፣ «ጊልያት» ከዋክብት በሙሉ። በሲንዳሪን «የ» የሚለውን ሳንጨምር ሁለቱን ስሞች ጎን ለጎን ማስቀመጥ ይበቃል። ሁለቱንም ቃላት ከነምንጫቸው ያረጋገጥኩት እዚሁ ነው።

ድክመቶቹስ? መልኩ ደረቅ ነው። በስልክ ስታነቡት ዓይን ያደክማል። ምንጮቹ በምህጻረ ቃል ስለሚጻፉ የመጀመሪያ ቀን ግራ ያጋባል። ማብራሪያው በሙሉ በእንግሊዝኛ ነው። ሰዋስው ከዜሮ እንዲያስተምራችሁም አትጠብቁ።

ለጀማሪ የሚቀለው «ፓርቭ ኤዴለን» የተባለው ሌላ ነፃ ድረ ገጽ ነው፤ የስሙ ትርጉም «የኤልፍ መጽሐፍ» ነው። የኤልዳሞን ዳታ ጭምር ሰብስቦ ያቀርባል፣ ፍለጋውም ለስልክ ይመቻል። እኔ ቃሉን መጀመሪያ እዚያ እፈልጋለሁ፤ የምጠቀምበት ከሆነ ግን ታሪኩን ለማየት ወደ ኤልዳሞ እሄዳለሁ።

ቀለበት ወይም ንቅሳት ላይ ማስጻፍ ለምትፈልጉ አንድ ነገር ልጨምር። «ስምህን በኤልፍኛ እንጽፍልህ» የሚሉ አገልግሎቶች አብዛኛውን ጊዜ የሚሰጡት ፊደሉን፣ ቴንግዋርን፣ ብቻ ነው። እንግሊዝኛው እንግሊዝኛ እንደሆነ ይቀራል። ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ሐረጉ በየትኛው ቋንቋ እንደሆነ ጠይቁ፣ እያንዳንዱን ቃል ኤልዳሞ ላይ ፈልጉ፣ ቃለ አጋኖ ካለበትም ማን እንደፈጠረው እዚያው አንብቡ።