ማካሮቭ ለግራኝ፦ ጅማ የተሰፋው የግራ መያዣ ክረምት ካለፈበት በኋላ

ማካሮቭ የተባለውን የሶቪየት ሽጉጥ ለግራኝ «አስቀይራለሁ» ብሎ መነሳት ከንቱ ድካም ነው። ጥይት ሲያልቅ ተንሸራታቹን ከፍቶ የሚያቆመው ማንሻና ቀለሁን የሚያስፈነጥረው ብረት አንድ አካል ናቸው፤ ቦታውም የሽጉጡ ግራ ግድግዳ ነው። ወደ ቀኝ ላዙረው ያለ ሰው ቀለህ የማይተፋ ሽጉጥ ይተርፈዋል። ሴፍቲውም፣ ማለትም ሽጉጡ እንዳይተኩስ የሚቆልፈው ማንሻ፣ በግራ ብቻ ነው። ግሎክ በተባለው ሽጉጥ ላይ ነገሩ ሌላ ነው፦ ከአራተኛው ትውልድ ጀምሮ የካዝና መልቀቂያው ቁልፍ ይገለበጣል። በካዝናው ቀዳዳ በኩል ቀጭን ጠፍጣፋ ካቻቪቴ አስገብቶ የሽቦ ስፕሪንጉን ከጎድጓዱ መግፋት፣ ቁልፉን ማውጣት፣ ከሌላው ጎን ማስገባት፣ ሽቦውን መመለስ ብቻ ነው። የድሮ ካዝና ግን አንድ ጎኑ ብቻ ስለተቦረቦረ ከተገለበጠው ቁልፍ ጋር አይያዝም፤ ይወድቃል።

ማካሮቭ ባለቤቱን ከዚህ ሥራ የሚያሳርፈው የካዝናው መልቀቂያ እጀታው ግርጌ ስለሆነ ነው። ለግራም ለቀኝም እኩል ነው፤ እኩል ይጠነክራልም፣ ምክንያቱም መዶሻውን የሚገፋው ጠፍጣፋ ስፕሪንግ የታችኛው ጫፍ ራሱ መልቀቂያው ነው። ስለዚህ ለግራኝ የሚለወጡት ሁለት ነገሮች ናቸው፤ ሽጉጡ የሚገባበት የወገብ መያዣና የእጅ ቅደም ተከተሉ።

መያዣው የተሰፋው ከ3 ሚሊ ሜትር የበሬ ቆዳ፣ በሰም በተነከረ ናይለን ክር፣ በሁለት መርፌ እጅ ስፌት ነው። ጫማ ሰፊ ሁሉ ይሠራዋል፤ የሚሳሳተው ግን አብዛኛው ነው። የለመደው የቀኝ ፓተርን ነውና ቅርጹን ቆዳው ላይ ሲስል መገልበጡን ይዘነጋል፣ የወጣውም እንደገና የቀኝ ይሆናል። ከመቁረጡ በፊት ፓተርኑን በወረቀት አጥፎ ወገብ ላይ ማስለካት ይህን ይፈታዋል። እጀታውና ምላጩ ወደኋላ፣ አፈሙዙ ወደታች መሆን አለበት።

ሽጉጡን ራሱን ለሰፊ ትቶ መሄድ አይቻልም፤ በአዋጅ 1177/2012 ፈቃድ የሚሰጠው ለባለቤቱ እንጂ ለሰፊው አይደለም። በርጩማ የሚጠርቡ የጅማ እንጨት ሠራተኞች ግን ከዋንዛ አስመሳይ ቅርጽ ያወጣሉ፦ ርዝመቱ 161፣ ቁመቱ 127፣ ውፍረቱ 30 ሚሊ ሜትር ገደማ። ቆዳው በለብ ያለ ውኃ ርሶ እንጨቱ ላይ ይወጠርና እስኪደርቅ ይታሰራል። ብዙዎች የሚረሱት የሴፍቲው እብጠት ነው። እንጨቱ ላይ በግራ ጎን ያን ጉብታ ካልተዉለት ቆዳው ማንሻውን ይጫነዋል፣ ሽጉጡ ሲገባና ሲወጣም ከቦታው ያንቀሳቅሰዋል።

በግራ ወገብ ሲታሰር የሽጉጡ ግራ ጎን ወደ ውጭ ይዞራል። ለቀኝ እጅ ሰው ሴፍቲው ሰውነቱ ላይ ተደግፎ ተሸሽጎ ነው የሚውለው፤ ለግራኝ ግን ለባጃጅ ብረት፣ ለመኪና ቀበቶ፣ ለቦርሳ ማንገቻ ተጋልጦ ነው። ማካሮቭ ላይ ማንሻው ወደ ላይ ሲሆን ተዘግቷል፣ ወደ ታች ሲወርድ ቀይ ነጥብ ይታያል፤ አንድ ግፊያ ይበቃዋል። ስለዚህ ክፍት መያዣ ለግራኝ አይመከርም። ክዳኑ ማንሻውን አልፎ ቢያንስ ሁለት ጣት መውረድ አለበት። የሚመታው መርፌም መላሽ ስፕሪንግ ስለሌለው ሽጉጡ በአፈሙዙ ቢወድቅ መርፌው በራሱ ግፊት ወደፊት ሊሄድ ይችላል፤ መንገድ ላይ ሳይቀባበል መያዙ በግራ እጅ ይበልጥ ያስኬዳል።

አወጣጡ እንዲህ ነው። ግራ እጅ ሽጉጡን ያወጣል፣ አመልካች ጣት ከምላጩ ውጭ። ቀኝ እጅ ከላይ ተሻግሮ ተንሸራታቹን ይጨብጣል፣ የጣቶቹ ጫፍ በግራ ጎን ያለውን ማንሻ ወደ ታች ያወርደዋል፣ ከዚያ ይስባል፣ ይለቃል። ማንሻው ካልወረደ ተንሸራታቹ አይንቀሳቀስም፤ ጣት ከሥሩ ከያዘውም ሲስቡ መልሶ ያነሳዋል። በቀኝ አውራ ጣት ከኋላ ዞሮ ለማውረድ የሚሞክር አለ፤ ጣቱ ከተንሸራታቹ ጀርባ ከቀረ ሲተኮስ ይመታዋል። ልምምዱ ካዝናው ወጥቶ፣ የጥይት ቤቱ በዓይንና በጣት ታይቶ ነው። የመጨረሻው ጥይት ካለቀ በኋላም ማቆሚያውን በጣት ከመፈለግ ተንሸራታቹን ስቦ መልቀቅ ይፈጥናል።

የጅማ ክረምት ቆዳውን ፈትኖታል። ዝናብ ሲጠጣ አፉ ይለሰልስና ሽጉጡ ከወጣ በኋላ ይዘጋል፤ መልሶ ለማስገባት ሁለት እጅ ይፈልጋል። ምድጃ አጠገብ ማድረቅ ቆዳውን ያኮማትረዋል፣ ጥላ ውስጥ እንጨቱን አስገብቶ ማድረቅ ግን ቅርጹን ያቆያል። ከደረቀ በኋላ ንጹሕ ሰም በስሱ ይቀባል። የምግብ ዘይት አይነካው፤ ያለሰልሰዋል፣ ይሸታልም። ሽጉጡ መያዣው ውስጥ ማደር የለበትም። ዝገት ቀድሞ የታየው በቀኝ ጎን ነው፣ ላብ ያገኘው ያ ነውና። በዘይት የራሰ ጨርቅ ማታ ማታ ማሳለፍ ይበቃል። የመተኮሻው ቱቦ ውስጡ ክሮም ስለሆነ ብዙ አያስጨንቅም።

ስፌቱ እስካሁን አልተፈታም፤ የክዳኑ ቁልፍ ማሰሪያ ግን ላልቷል፣ ቀጭን ቆዳ ስለተደረገለት። ዋናው ጉድለት የትርፍ ካዝናው ኪስ ነው። እንደ ጥንቱ የሶቪየት መያዣ ፊት ለፊቱ ላይ ተሰፍቷል፤ ለግራኝ ደግሞ ካዝና የሚያወጣው ቀኝ እጅ ስለሆነ ሆድ አቋርጦ መድረስ ይኖርበታል። ኪሱ ተለይቶ በቀኝ ወገብ፣ የጥይቱ ጫፍ ወደፊት ዞሮ ቢሰፋ ይሻላል።