የራስን ገጸ ባሕርይ ለመፍጠር የቱን እንግዛ? ዲ ኤንድ ዲ፣ ገርፕስ፣ ሳቬጅ ወርልድስ ወይስ ፌት

የጠረጴዛ ሮል ፕሌይ ለመጀመር ያሰቡ ልጆች ደጋግመው የሚጠይቁኝ "የቱን መጽሐፍ እንግዛ?" ብለው ነው። መልሱ እንደ ሰዉ ነው። መጽሐፉ ላይ ያለውን ገጸ ባሕርይ ይዞ መጫወት ለሚበቃው የትኛውም ይሆነዋል። የራሱን ሰው መፍጠር ለሚፈልግ ግን ልዩነቱ ሰፊ ነው፣ ገንዘቡም ቀላል አይደለም። ይህን የጻፍኩት ለእነዚህኞቹ ነው፣ ከላይ የጠራኋቸው አራቱም የዚህ ጨዋታ የሕግ መጽሐፎች ናቸው።

ለማያውቅ ባጭሩ፦ አንዱ ታሪኩን ይመራል፣ ሌሎቹ አንዳንድ ገጸ ባሕርይ ይይዛሉ፣ የሚያጠራጥር ነገር ሲመጣ ዳይስ ይጣላል። እኛ ደብረ ብርሃን ላይ ስንጫወት ታሪኩን ያደረግነው በሣህለ ሥላሴ ዘመን ሸዋ ነው። ቤተ መንግሥቱ አንኮበር፣ ገበያው ከሥሩ አልዩ አምባ፣ የሲራራ መንገዱ ደግሞ በአፋር በረሃ አድርጎ እስከ ታጁራ ወደብ። ከሰው አገር ታሪክ ከመዋስ የራሳችን ሞልቶልናል። ችግሩ የመንዝ ጦረኛ ወይም የአልዩ አምባ ነጋዴ በየትኛውም መጽሐፍ ተዘጋጅቶ አይጠብቃችሁም። ራሳችሁ ትሠሩታላችሁ። ራሳችሁ ስትሠሩ ደግሞ አንዱ ሁሉን ቻይ ይሆንና ሌላው ዳር ይዞ ሻይ ሲጠጣ ያመሻል።

ባላንስ የምለው ይህ እንዳይሆን ነው። ማታ ስትበተኑ ሁሉም "እኔ ባልኖር ይቺ ነገር አትሆንም ነበር" ብሎ ከሄደ ጨዋታው ባላንስ አለው። ቁጥሩ ወደዚያ የሚያደርስ መንገድ ነው እንጂ በራሱ ምንም አይደለም።

እንዲገባችሁ አንድ ሰው ይዘን በአራቱም ሕግ እንሥራው። የአልዩ አምባ ሲራራ ነጋዴ ነው። አንድ ዓይኑ ጠፍቷል። አፋርኛ ይናገራል፣ በረሃው ላይ ውኃ የት እንዳለ ያውቃል፣ አሞሌ ጨው አይቶ ዋጋ ይቆርጣል። ገንዘብ ይወዳል፣ ያውም ክፉኛ። ጠብ ላይ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። አብረውት የሚጓዙት አንድ የመንዝ ጦረኛና አንድ አዝማሪ ናቸው።

በዲ ኤንድ ዲ (ደንጅንስ ኤንድ ድራጎንስ) እንጀምር፣ ሁሉም ስሙን የሰማው እሱን ስለሆነ። እ.ኤ.አ. በ1974 የወጣ የዘርፉ በኩር ነው። አምስተኛው እትም በ2014 ወጥቶ በ2024 ታድሷል። ስድስት መሠረታዊ አቅሞች አሉት፦ ጉልበት፣ ቅልጥፍና፣ ጽናት፣ ዕውቀት፣ ማስተዋልና ግርማ ሞገስ። 27 ነጥብ ይሰጣችኋል። ሁሉም ከ8 ይነሳል፣ እስከ 13 ድረስ እያንዳንዱ ጭማሪ 1 ነጥብ ነው፣ ወደ 14 እና ወደ 15 መውጣት ግን 2፣ 2 ነጥብ ይጠይቃል፣ በነጥብ ከ15 በላይ መግዛት አይቻልም። ሦስት 15 ከወሰዳችሁ 27ቱ አለቀ፣ የቀሩት ሦስቱ 8 ላይ ይቀራሉ። ጥሩ አሠራር ነው። መጽሐፉ በዳይስ መወሰንንም ይፈቅዳል፦ አራት ዳይስ ጥሎ ትንሹን መተው። እሱን አልመክርም። አንዱ ዕድል ቀንቶት 17 እና 16 ሲይዝ አጠገቡ ያለው ትልቁ ቁጥሩ 12 ሊሆን ይችላል፣ ያ ልዩነት ደግሞ ታሪኩ እስኪያልቅ፣ ወራትም ቢሆን፣ አብሯቸው ይኖራል።

ከዚያ ከ12 ክላሶች፣ ማለትም ከተዘጋጁ የገጸ ባሕርይ ዓይነቶች፣ አንዱን ትመርጣላችሁ። አዝማሪያችን እዚህ ልክ ልኩን አገኘ። ባርድ የሚባለው ክላስ ሙዚቀኛ ነው፣ ጓደኞቹን አበረታትቶ ተጨማሪ ዳይስ ይሰጣቸዋል፣ ጠላቱን ደግሞ በአሽሙር ብቻ የሚያቆስልበት ችሎታ አለው። ማሲንቆ አስይዙት፣ አለቀ። ጦረኛውም ፋይተር ሆኖ ያልፋል። ነጋዴው ግን ቦታ የለውም። የሚቀርበው ሮግ የሚባለው ሌባ ቢጤ ነው። ሮግ በመረጣቸው ሙያዎች ላይ እጥፍ ጭማሪ ስለሚያገኝ ማግባባትንና ማታለልን ብትሰጡት ገበያ ላይ የሚችለው የለም። ግን ጠላትን አዘናግቶ የመውጋት ችሎታም አብሮ ይመጣል፣ ለዚህ ሰው ምን ይሠራለታል? ዓይኑ መጥፋቱና ገንዘብ ወዳድነቱም በሕጉ ዘንድ ወሬ ብቻ ናቸው፣ ነጥብ አይጨምሩም፣ አይቀንሱም።

"እንግዲያው የነጋዴ ክላስ እኛው እንፍጠር" የሚል ሰው መቼም አይጠፋም። ገና ጀማሪ ከሆናችሁ ይቅርባችሁ። አንድ ክላስ እስከ 20ኛ ሌቨል (ደረጃ) የሚሄድ ሲሆን በየደረጃው የሚሰጠው ነገር ከሌሎቹ ጋር ተመዛዝኖ ነው የተቀመጠው። እናንተ 3ኛ ሌቨል ላይ የጨመራችኋት ትንሽ ነገር 9ኛ ላይ ጉድ ታፈላለች። ያለውን ክላስ ስሙንና መልኩን ለውጦ ቁጥሩን እንዳለ መተው ይሻላል።

ገርፕስ የዚህ ተቃራኒ ነው። በ1986 ወጣ፣ አራተኛው እትም የ2004 ነው። ክላስ የሚባል ነገር የለም። መሪው ለሁሉም እኩል ነጥብ ያድላል፣ ለምሳሌ 100 ወይም 150፣ ከዚያ እንደ ገበያ ነው፣ የፈለጋችሁትን ትገዛላችሁ። አራቱ አቅሞች ከ10 ይነሳሉ። ጉልበትና ጤና በአንድ እርምጃ 10 ነጥብ፣ ቅልጥፍናና አእምሮ 20። የበረሃ ኑሮ፣ ንግድ፣ ቋንቋ፣ ሁሉም ለየብቻው ዋጋ አለው። ነጋዴያችንን ልክ እንደ ሐሳባችን አድርጎ የሚያወጣው ይሄ ብቻ ነው፣ አንዲት የማይፈልጋት ነገር አትለጠፍበትም።

ድክመት ደግሞ ነጥብ ይመልሳል። አንድ ዓይና መሆን 15፣ ስግብግብነት 15። በሠላሳው አእምሮውን አንድ እርምጃ ከፍ አድርጋችሁ 10 ይተርፋችኋል። ደስ ይላል አይደል? ችግሩም ያለው እዚሁ ነው። ተጫዋቹ በድክመቱ ክፍያውን አስቀድሞ ወስዷል፣ ድክመቱ ይምጣ አይምጣ ግን ገና አልታወቀም። አንዱ ተነስቶ "የኔ ሰው ባሕር ይፈራል" ይላል። እሺ፣ መንዝ ላይ ባሕር የት አለ? ታሪኩ ታጁራ ካልደረሰ በቀር ያ ፍርሃት አንድ ቀን አያስጨንቀውም፣ ነጥቡን ግን በልቷል። ጎኑ ያለው ልጅ በቅንነት "ቶሎ ይቆጣል" ብሎ የወሰደው ደግሞ በየጨዋታው መከራውን ያያል። ሁለቱም ወረቀት ላይ እኩል ናቸው። መጽሐፉ ራሱ ከድክመት የሚገኘው ነጥብ ከመነሻው ግማሽ ባይበልጥ ጥሩ ነው ይላል። እኔ ከዚያም ዝቅ አድርጉት እላለሁ፣ ዋናው ግን መሪው እያንዳንዱን ወረቀት ይዞ "ይሄ በእኛ ታሪክ ውስጥ መቼ ይመጣል?" ብሎ መጠየቁ ነው። መልስ ከሌለው ይሰረዝ።

ሌላም ቀዳዳ አለ። ቅልጥፍናን በ20 ስትገዙ በእሱ ላይ የቆሙ ሙያዎች ሁሉ አብረው ይነሳሉ። ሒሳብ የገባው ነጥቡን እዚያ ላይ ያፈሳል፣ ያልገባው ደግሞ ሙያውን አንድ በአንድ ሲለቅም ይውልና በተመሳሳይ ነጥብ ግማሹን ያህል እንኳ አይጠቅምም። በመካከላችሁ ሒሳብ የሚወድ አንድ ሰው ካለና ሌሎቻችሁ ከሌላችሁበት፣ ገርፕስን ከመግዛታችሁ በፊት ሁለቴ አስቡ። ሁላችሁም የምትወዱት ከሆነ ግን ከእሱ የሚበልጥ የለም፣ ገጸ ባሕርይ መሥራቱ ብቻውን አንድ ማታ ደስ እያላችሁ ያመሻል።

ሳቬጅ ወርልድስ በሁለቱ መካከል ነው፣ የ2003 ልጅ። አምስቱ አቅሞች ሁሉ ከባለ አራት ገጽ ዳይስ ይነሳሉ፣ በጠቅላላ 5 ነጥብ ይዛችሁ ወደ ባለ ስድስት፣ ወደ ባለ ስምንት እያላችሁ ታሳድጓቸዋላችሁ። ለሙያ 12 ነጥብ አለ። ድክመት እዚህም ይከፍላል፣ ግን ጣሪያው 4 ነጥብ ብቻ ነው፦ ከባዱ 2፣ ቀላሉ 1። ስለዚህ ባሕር የሚፈራው ልጅ ቢያታልልም ብዙ አይዘርፍም። በዚያ ላይ ድክመቱን በጨዋታው ውስጥ ላሳየ ሰው ቤኒ የምትባል ሽልማት ትሰጠዋለች፣ እሷን ከፍሎ ዳይሱን ደግሞ ይጥላል። ነጋዴው ጥሩ ሆኖ ይወጣል። ውጊያው ፈጣን ነው፣ ብዙ ወታደር ቢሰለፍም አይንዛዛም። አንድ የማልወድለት ነገር ዳይሱ ትልቁን ቁጥር ሲያሳይ እንደገና እየተጣለ መደመሩ ነው። አንዳንዴ አንድ ተራ ሽፍታ በአንድ ምት ጀግናውን ይጥለዋል፣ ስንት የደከማችሁበት ሰው።

ፌት፣ ፌት ኮር የተባለው እትሙ፣ በ2013 ነው የወጣው። አነስ ያለው ቅጂ፣ ፌት አክሰለሬትድ፣ ለጀማሪ ይበቃል። ቁጥር የለም ማለት ይቻላል። ስድስት አካሄዶች አሉ፦ በጥንቃቄ፣ በብልጠት፣ በግርማ፣ በጉልበት፣ በፍጥነት፣ በስውር። ለአንዱ 3፣ ለሁለቱ 2፣ ለሁለቱ 1፣ ለአንዱ 0። ለሁሉም ተጫዋች ያው ነው፣ መጭበርበር የሚባል ነገር የለም። የቀረው ዓረፍተ ነገር ነው። "በረሃውን እንደ ጓሮው የሚያውቅ የአልዩ አምባ ሲራራ ነጋዴ" ብላችሁ ትጽፋላችሁ፣ ከሥሩ ችግሩን፦ "ብር ካየ ጓደኛውን ይረሳል"።

ክፍያው የሚመጣው መቼ መሰላችሁ? ችግሩ ሲመታው። ባሕር ቢፈራ መፍራቱን ይያዝ፣ ባሕሩ እስኪመጣ ድረስ ምንም አያገኝም። ጓደኞቹ በር ላይ ተከበው ሳለ ነጋዴው የተጣለ የብር ከረጢት አይቶ ከቀረ ግን፣ ያኔ መሪው የፌት ነጥብ ይሰጠዋል፣ ያንን ነጥብ ኋላ በክፉ ቀን ያወጣዋል። ከአራቱ ድክመትን በትክክል የሚከፍለው ይሄ ነው ብዬ በሙሉ ልቤ እናገራለሁ። ጎዶሎውም አለው። ምላሰኛ ተጫዋች ሁሉን ነገር "በብልጠት ነው የማደርገው" እያለ 3ቱን ይዞ ይዞራል። መሪው "እንዴት?" ብሎ መያዝ አለበት። ዝም የሚል፣ ዓይን አፋር ልጅ ካላችሁም ፌት ይከብደዋል፣ ዲ ኤንድ ዲ ለእሱ ይሻላል፣ ምን ማድረግ እንደሚችል ወረቀቱ ላይ ተጽፎለታልና።

ልዕለ ጀግና ለምትፈልጉ ሚውታንትስ ኤንድ ማስተርማይንድስ አለ። ነጥብ ከመስጠት አልፎ ጣሪያ ያበጃል። በተለመደው 10ኛ ደረጃ 150 ነጥብ ትይዛላችሁ፣ የመምታት ብቃታችሁና የምቱ ኃይል ተደምረው ግን ከ20 አያልፉም። በደንብ የሚመታ ይለሰልሳል፣ የሚያደቅቅ ይስታል። ይህችን ሐሳብ ወስዳችሁ ገርፕስ ላይ ብትጠቀሙባት በጣም ትረዳችኋለች።

እንግዲህ ወደ ኪሳችሁ። ውጊያና ሌቨል ማሳደግ የሚያስደስታችሁ ከሆነ ዲ ኤንድ ዲ። ሰውን ዘርዝሮ መሥራት ከሆነ ገርፕስ። ብዙ ሰው ሆናችሁ፣ ጦርነትም በርከት ካለ፣ ሳቬጅ። ታሪክ ማውራት የምትወዱ፣ ቁጥር የማይሆንላችሁ ከሆናችሁ ፌት፣ የኔም ምርጫ ይኸው ነው።

ምንም ሳትከፍሉ መሞከር ትችላላችሁ። የዲ ኤንድ ዲ መሠረታዊ ሕግ በነፃ ፈቃድ ተለቅቋል። ገርፕስ ላይት የሚባል 32 ገጽ ነፃ ፒዲኤፍ አለ። የፌት ሕግም በነፃ ይነበባል። ፎቶ ኮፒ ቤት ወስዳችሁ በወረቀት አሳትሙት፣ መብራት ሲጠፋ ስልክ ላይ መተማመን አይሆንም። ገርፕስ ሦስት ተራ ባለ ስድስት ገጽ ዳይስ ብቻ ነው የሚፈልገው። ፌት የራሱ ባለ ምልክት ዳይስ አለው ግን አራት ተራ ዳይስ ይተካዋል፦ 1 እና 2 ሲቀነስ፣ 3 እና 4 ባዶ፣ 5 እና 6 ሲደመር። ዲ ኤንድ ዲና ሳቬጅ ግን የተለያየ ገጽ ያላቸው ዳይሶች ያስፈልጓቸዋል፣ ካልተገኙ የስልክ አፕ ይሠራል።

መጽሐፉን በውጭ ካርድ መክፈል ለብዙዎቻችን ስለማይሳካ ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ማስቸገር አይቀርም። ያኔ ሻንጣውን አታጨናንቁበት። የ2024ቱ የዲ ኤንድ ዲ የተጫዋች መጽሐፍ 384 ገጽ ነው፣ ደረቅ ሽፋን፣ ዋጋው ላይ 49.99 ዶላር ተጽፎበታል። ለሁላችሁም አንድ ይበቃል፣ ሌሎቹን ሁለት ዋና መጽሐፎች ለጊዜው ተዉአቸው። ገርፕስም ሁለት ቅጽ ነው፣ ገጸ ባሕርይ ለመሥራት የመጀመሪያውን ብቻ አስመጡ።