ጀልባ በኮንትራት ወይስ በሰው? ዛንዚባር ላይ ባህር ወጥታችሁ ዓሣ ለማጥመድ ላሰባችሁ

ድሬ ላይ ባጃጅ ስታስቆሙ መጀመሪያ የሚለየው አንድ ነገር ነው፤ ኮንትራት ነው ወይስ በሰው? ዛንዚባር ላይ ለዓሣ ማጥመጃ ጀልባ ስትፈልጉም ጥያቄው ያው ነው። ልዩነቱ፣ ባጃጁ ካልተመቻችሁ ሳቢያን ሳትደርሱ «ወራጅ አለ» ትላላችሁ። ባህር መሀል ወራጅ የለም። ስለዚህ ከመክፈላችሁ በፊት ይሄን አንብቡት።

ባለፈው ጥር አራት ሆነን ሄድን። እኔ፣ ታናሽ እህቴ፣ ባለቤቷና አንድ የከዚራ ጓደኛችን። ዓመት ሙሉ እቁብ ጥለን ያጠራቀምነው ብር ስለሆነ እያንዳንዷ ዶላር የት እንደገባች አስታውሳለሁ። ደሴቱ ሰሜን ጫፍ ላይ ያለችው ኑንግዊ ስንደርስ ግን መስማማት አቃተን። አማቼ ማርሊን የሚባለውን ትልቅ ዓሣ ያቀፈ ሰው ፎቶ አይቶ ልቡ ሄዷል፣ ሙሉ ቀን ካልሆነ አልወጣም አለ። እህቴ ባህር አይታ አታውቅም፣ እኔም ጂቡቲ ከወደቡ ዳር አልፌ አላውቅም፤ እኛ ግማሽ ቀን ይበቃናል አልን። በቃ ተከፈልን። እሱና ጓደኛችን በአንድ ጀልባ፣ እኔና እህቴ በሌላ፣ በአንድ ቀን ከአንድ ዳርቻ ወጣን። ማታ ቁጭ ብለን ስናወዳድር ነው ብዙ ነገር የገባኝ።

እነሱ የያዙት ፋይበር ግላስ ጀልባ ነው። ሁለት ሞተር፣ ጥላ፣ ሽንት ቤት፣ ኋላ ላይ ደግሞ ትልቅ ዓሣ ሲመጣ ተቀምጠው የሚታገሉበት ወንበር አለው። ግን በሰው ነው። ከማያውቋቸው ቱሪስቶች ጋር ተዳብለው በነፍስ ወከፍ ከፈሉ። የኛው የእንጨት ጀልባ ነው። ኑንግዊ የእንጨት ጀልባ በእጅ የሚሠራባት መንደር ናት፤ አናጺዎቹ አሸዋው ላይ ሲጠርቡ ቆማችሁ ታያላችሁ። አንድ ሞተር፣ ከላይ የሸራ ጥላ፣ ሽንት ቤት የለውም። ግን ኮንትራት ነው። ካፒቴኑም ረዳቱም የኛ ብቻ ናቸው።

ሁለቱን አጠገብ ለአጠገብ ስታዩአቸው የነሱ ይሻላል ትላላችሁ። እኔም እንደዛ ነበር ያልኩት።

ለነሱ ሲሸጥላቸው «ስድስት ሰው ብቻ» ተብሎ ነበር። ጠዋት ሲደርሱ ዘጠኝ ሆኑ። የማጥመጃ ዘንጉ ደግሞ አራት። ዘጠኝ ሰው በአራት ዘንግ ማለት ተራ መጠበቅ ነው፣ ዓሣው ሲነክስ ተራው ያንተ ካልሆነ ቆመህ ታያለህ እንጂ አትነካውም። ጓደኛችን ላይፍ ጃኬቱን ቆጠረ። ሰባት። ሲጠይቅ «ችግር የለም» ተባለ። ይሄ እስካሁን ያናድደኛል። አቦ፣ ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ላይፍ ጃኬት ከሌለ አትውጡ። የከፈላችሁት ቢቀርም ይቅር።

ሦስት ሰዓት ያህል እንደሄዱ አማቼን የባህር ህመም ያዘው። እኛ የየብስ ሰዎች ይሄን ነገር እንንቀዋለን። ተራራ መንገድ ላይ በአውቶቡስ የማያቅለሸልሸው ሰው ባህር ላይ ምንም አልሆንም ይላል፣ ግን አይገናኝም። ደግሞ የሚብሰው ጀልባው ሲሮጥ አይደለም። ሞተሩ ቀዝቀዝ ብሎ ወይም ጠፍቶ ጀልባው ሞገዱ ላይ ሲዋልል ነው፤ በዚያ ላይ የነዳጁ ጭስ ይጨመርበታል። ከዚያ በኋላ ያለውን ቀን ወለል ላይ ተኝቶ ነው ያሳለፈው። በኮንትራት ቢሆን «መልሰን» ይሉት ነበር። በሰው ስለሆነ ግን የሌሎቹን የተከፈለበት ቀን አቋርጦ አይመለስም፣ እንዲመለስ መጠየቅም ተገቢ አይደለም። ሙሉ ቀን በሰው ስትገዙ በደንብ ማሰብ ያለባችሁ ይሄን ነው።

እውነቱን ለመናገር ግን እነሱ ያዩትን እኛ አላየንም። ጓደኛችን ዘንግ ይዞ በተቀመጠበት ሰዓት ክሩ የተጠቀለለበት ማሽን በአንዴ ጮኸ። ክሩ ሽው ብሎ ወጣ፣ ወጣ፣ አልቆም አለ። ከዚያ ሩቅ ላይ ሴይልፊሽ ከውሃው ተነሳ፤ ጀርባው ላይ እንደ ሸራ የሚዘረጋውን ክንፍ ከፍቶ፣ ሰማያዊና ሐምራዊ ሆኖ። ሁለተኛ ሲዘል ራሱን ነቀነቀና መንጠቆውን ተፋው። ጓደኛችን ድሬ ከተመለስን በኋላ እንኳን ሆጃ እየጠጣ ስለዚያ ዓሣ ሲያወራ እጁ ይንቀጠቀጣል። ባይያዝም ገንዘቤን አልቆጭበትም ይላል፣ እኔም አምነዋለሁ።

እኛ ብዙ አልራቅንም። ውሃው ውስጥ ካለው የኮራል ቋጥኝ ጠርዝ አካባቢ ማባበያውን ከኋላ እየጎተትን ዞርን። ካፒቴኑ ሽማግሌ ነው። ዘንግ አይዝም፤ ክሩን ሌባ ጣቱ ላይ አሳርፎ ዓይኑን ጨፍኖ ይሰማል። ድንገት ለእህቴ አቀበላትና «ሳቢ» የሚል ምልክት ሰጣት። ክሩ መዳፏን እስኪያቀላው ጎተተች፣ ቆመች፣ እንደገና ጎተተች። አንድ ኪንግፊሽ ወጣ፤ የክንዴን ያህል ይረዝማል፣ እንደ አዲስ ቆርቆሮ የሚያብረቀርቅ። ከዚያ ሁለት ትናንሽ ቱና ጨመርን። ፀሐዩ ሳይከር ተመለስን፣ ዓሣውም ማታ በኮኮናት ወተት ተሠርቶ ለአራታችንም በቃ።

አሁን ወደ ሒሳቡ። በሰው መውጣት ርካሽ የሚመስለው ዋጋው ለአንድ ሰው ተብሎ ስለሚነገራችሁ ነው። ኮንትራት ግን ለጀልባው ነው የሚከፈለው፣ አንድ ሆናችሁ ብትወጡም አራት ሆናችሁ ብትወጡም ዋጋው አይለወጥም። ለምሳሌ ግማሽ ቀን ኮንትራት 400 ዶላር ቢሏችሁ ለአራት 100፣ 100 ነው። በሰው 90 ቢሏችሁ ልዩነቱ 10 ዶላር ብቻ ሆነ ማለት ነው። ለዚያች 10 ዶላር ብላችሁ ዘንግ በተራ ልትይዙ ነው? ሁለት ብቻ ከሆናችሁ ነገሩ ይለያል፣ ያኔ በሰው ያዋጣል። አራት ከሆናችሁ ግን ኮንትራት ያዙ። እኛ ለሁለት መከፈላችን ትልቁ ስህተታችን ነበር፣ ሁለት ጊዜ ከፈልን።

ጀልባው የሚነሳበት ቦታ ከጀልባው ዓይነት ያላነሰ ዋጋ አለው። ሻጮቹ ሁሉንም «ጥልቅ ባህር» ይሉታል። ዋናው ደሴት ኡንጉጃና የታንዛኒያ የብስ መሀል ያለው ባህር ግን ጥልቀት የለውም፣ አብዛኛው ከ50 ሜትር አይበልጥም። አሮጌው ከተማ ስቶን ታውን ያለው በዚያ በኩል ነው። እውነተኛው ጥልቅ ውሃ ወደ ሰሜን፣ ወደ ፔምባ ደሴት ነው፤ የፔምባ ሰርጥ ወደ 800 ሜትር ይጠልቃል። ማርሊን፣ ሴይልፊሽና ትልልቁ ቱና የሚመጣው በዚያ ነው። ስለዚህ ማርሊን ካላችሁ ከኑንግዊ ተነሱ፣ ሙሉ ቀን ያዙ። ግማሽ ቀን ይዞ ማርሊን የሚምልላችሁን ሻጭ አትመኑት፤ መንገዱ ራሱ ሰዓታችሁን ይበላዋል። ኪንግፊሽ፣ ባራኩዳና ትንንሽ ቱና ከሆነ ግማሽ ቀን ይበቃል። ምሥራቁ ዳርቻ፣ ፓጄና ጃምቢያኒ፣ ለማረፍ ቆንጆ ነው። ግን ባህሩ ሲሸሽ በጣም ርቆ ነው የሚሸሸው፣ ጀልባው አሸዋ ላይ ይቀራል፣ መውጫ ሰዓታችሁን የሚወስነው ውሃው ነው።

ወቅቱን በኛ ወር ልንገራችሁ። ከኅዳር እስከ የካቲት ካስካዚ የሚሉት የሰሜን ምሥራቅ ነፋስ ነው፣ ሴይልፊሽና ማርሊን ለሚፈልግ ይሄ ነው ጊዜው። ሚያዝያና ግንቦት ትልቁ ዝናብ ነው፣ አትሂዱ። ከሰኔ ጀምሮ ኩሲ የሚሉት የደቡብ ነፋስ ይነፍሳል፣ ባህሩ ይቆጣል፣ ለጀማሪ አልመክርም።

አንድ የሰዓት ነገር ደግሞ አለ። ደረሰኛችን ላይ መነሻው 6:00 ተብሎ ነው የተጻፈው። በፈረንጅ ነው፤ ከንጋቱ 12 ሰዓት ማለት ነው። የሚገርመው፣ ስዋሂሊ ተናጋሪዎች እርስ በርስ ሰዓት የሚቆጥሩት ልክ እንደኛ ነው። ያቺኑ ሰዓት «ሳአ ኩሚ ና ምቢሊ አሱቡሂ» ይሏታል፣ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት። ለቱሪስት ሲጽፉ ግን ይቀይሩታል። ስለዚህ «ፀሐይ ስትወጣ ነው?» ብላችሁ አረጋግጡ።

ከመክፈላችሁ በፊት ማታውኑ ጀልባው ጋ ሂዱና በዓይናችሁ እዩት። ፎቶ አይበቃም። ላይፍ ጃኬቱን ቁጠሩ። ሬዲዮ አለው ወይ በሉ፣ ሲከፍተው ስሙ፤ ባህር ላይ የአደጋ ጥሪ በ16ኛው ቻናል ነው የሚተላለፈው። ስልክ ኔትወርክ ከዳርቻው ሲርቁ ይጠፋል። ሩቅ የሚሄድ ከሆነ ሁለት ሞተር የግድ ነው፤ የኛን ባለ አንድ ሞተር ጀልባ ለኮራሉ ጠርዝ እንጂ ለፔምባ ሰርጥ በፍጹም አልመርጠውም። ነዳጅ፣ ማባበያ፣ ውሃና ምሳ ዋጋው ውስጥ መግባቱን በጽሑፍ አስደርጉ። ነፋስ ተነስቶ ቢቀር ገንዘቡ ይመለሳል ወይስ በሌላ ቀን ይተካል? ሙሉውን ቀድማችሁ አትክፈሉ፣ ቀብድ ብቻ ስጡ። ሴቶች ካላችሁ ሽንት ቤት ያለው ጀልባ ጠይቁ፤ እህቴ አምስት ሰዓት ውሃ ሳትጠጣ ነው የዋለችው፣ በዚያ ሙቀት ይሄ ቀልድ አይደለም።

ዓሣው የማን ነው የሚለውንም ቀድማችሁ ተነጋገሩ። ብዙ ቦታ የተያዘው ዓሣ የጀልባው ነው፣ ሞሪሸስ ላይ ለምሳሌ ልማዱ እንደዛ ነው። የኛ ካፒቴን ኪንግፊሹን ለኛ ሰጥቶ አንዱን ቱና ለቤቱ ወሰደ፣ ተስማምተን። ሴይልፊሽና ማርሊን ግን ጥሩ ጀልባዎች ምልክት አድርገው መልሰው ይለቁታል። ፎቶውን ትወስዳላችሁ፣ ዓሣው ይሄዳል። እኔ ይሄን እደግፋለሁ።

ለባህር ህመሙ ክኒን አለ፣ ፋርማሲ ጠይቁ፤ ነፍሰ ጡር ወይም ሌላ መድኃኒት የምትወስዱ ከሆነ መጀመሪያ ተናገሩ። ዋናው ነገር ከመሳፈራችሁ በፊት መዋጥ ነው፣ ካቅለሸለሸ በኋላ ዋጋ የለውም። ጀልባው ላይ መሀሉ አካባቢ ሁኑ፣ ስልካችሁን ትታችሁ ሰማይና ባህር የሚገናኙበትን መስመር እዩ።

ሌሎች ቦታዎችስ? ሲሸልስ 115 ደሴት ነው፣ ቪዛ አይጠይቅም፣ ከጉዞ በፊት በኢንተርኔት ፈቃድ መሙላት ብቻ ነው፤ ግን ኑሮው ውድ ነው፣ በኛ እቁብ አይሞከርም። ሞሪሸስ ለብሉ ማርሊን ስሙ የገነነ ነው፣ ጥቁር ወንዝ በሚሉት አካባቢ ባህሩ ከዳርቻው ብዙም ሳይርቅ ይጠልቃል። ለኛ ለድሬ ልጆች ቅርቡ ጂቡቲ ነው። በባቡር ትገባላችሁ፣ ሙሻ ደሴት በጀልባ ቅርብ ናት፣ የታጁራ ባህረ ሰላጤም ጥልቅ ነው። ባህር ይስማማኝ ይሆን ብሎ ለሚጠራጠር ሰው መጀመሪያ እዚያ ቢሞክር ብዙ ገንዘብ ያድናል። በክረምት ግን አይሞከርም፣ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል።

ዛንዚባር ለምትሄዱ፤ የቢጫ ወባ ካርዳችሁን ያዙ፣ ከኢትዮጵያ ለሚገባ ይጠየቃል። በፈረንጅ አቆጣጠር ከኦክቶበር 2024 ጀምሮ ለውጭ አገር እንግዳ 44 ዶላር የመድን ክፍያ ግዴታ ሆኗል፣ ሒሳባችሁ ውስጥ አስገቡት። ፌስታል ይዛችሁ አትግቡ፣ ክልክል ነው። ጫትም እንዲሁ። ታንዛኒያ ውስጥ ጫት በሕግ የተከለከለ ነው፣ አንዲት እንጨት እንኳን ሻንጣ ውስጥ እንዳትረሱ፣ ጓዛችሁን ራሳችሁ ፈትሹ። ረመዳን ላይ ከሄዱ ቀን ላይ ብዙ ምግብ ቤት ይዘጋል፤ ለሚጾም ሰው ግን ማታው በጣም ደስ ይላል።

እኛ ለመጪው ጥር እቁቡን እንደገና ጀምረናል። በዚህኛው አራታችንም አንድ ጀልባ ላይ ነን፤ ባለ ሁለት ሞተር ፋይበር ግላስ፣ በኮንትራት፣ ግማሽ ቀን፣ ከኑንግዊ። አማቼ ማርሊኑን ለጊዜው ትቶታል። እህቴ ግን ያንን ሽማግሌ ካፒቴን ሌላ ጀልባ ላይ ቢሆንም እናገኘዋለን ወይ እያለች ትጠይቃለች።