ለወሎ ጉዞ የትኛው ሲም ያዋጣል?

ባለፈው ጥር ለእህቴ ልጅ ሠርግ ከፍራንክፈርት ወደ ደሴ ሄጄ ሦስት ሳምንት ስቆይ የተጠቀምኩባቸውን የስልክ አገልግሎቶች እንደ አንድ ሸማች ልመዝናቸው እወዳለሁ። ብዙዎቻችን አገር ቤት ለመግባት ስንነሣ የአውሮፕላን ትኬት ዋጋ ለወራት ስናወዳድር እንከርማለን፤ ሲም ካርድ የምንገዛው ግን ሻንጣ እየጎተትን፣ እንቅልፍ እያንገላታን፣ ሊቀበለን የመጣው ዘመድ በር ላይ እየጠበቀን፣ መጀመሪያ ባየነው መስኮት ነው። እኔም ከዚህ የተለየ አላደረግሁም።

በጀርመን የምጠቀመው አነስተኛ ዋጋ ያለው የቅድመ ክፍያ ጥቅል ሲሆን በየ4 ሳምንቱ ይታደሳል። ሲያዩት ወርኃዊ ይመስላል፤ ነገር ግን 365 ቀን ለ28 ሲካፈል 13 ስለሚመጣ በዓመት የምከፍለው 12 ጊዜ ሳይሆን 13 ጊዜ ነው። ይህን የተረዳሁት ሁለት ዓመት ከከፈልኩ በኋላ ነበርና ከዚያ ወዲህ የጥቅልን ዋጋ ከማየቴ በፊት የሚያበቃበትን ቀን አያለሁ ብዬ እፎክር ነበር፤ ፉከራው ግን ቦሌ ላይ አልሠራም። ስለ ሮሚንግ፣ ማለትም በአንድ አገር የተገዛን ሲም በሌላ አገር ስለ መጠቀም፣ ብዙ መናገር አያስፈልግም። ከሰኔ 2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የአውሮፓ ኅብረት ነዋሪ በኅብረቱ አገሮች ውስጥ ሲንቀሳቀስ እንደ ቤቱ ታሪፍ ይከፍላል፤ ይህ መብት ግን ኢትዮጵያ አይደርስም። ስለዚህ አውሮፕላን ከመሳፈሬ በፊት የጀርመኑን ሲም ዳታ ሮሚንግ ዘጋሁ፤ ሲሙን ግን ከስልኬ አላወጣሁትም፤ ባንኬ የማረጋገጫ ቁጥር የሚልክልኝ በእርሱ ነውና። ሁለት ሲም የማይቀበል ስልክ የያዘ፣ ወይም በአሜሪካ የተሸጠ አይፎን 14ና ከዚያ ወዲህ የወጣ ስልክ ኖሮት የሲም ማስገቢያ የሌለው ሰው፣ ነገሩን ከመነሣቱ በፊት ቢያስብበት ይሻለዋል፤ የደሴ ሱቆች የሚሸጡት ሲም በእጅ የሚያዘውን ነው። በውል የተገዛ ስልክም ለሌላ ሲም የተቆለፈ አለመሆኑን አስቀድሞ ማረጋገጥ ይገባል።

ቦሌ የገዛሁት ሲም ለእንግዶች የተዘጋጀ ነው የተባለ ትልቅ የዳታ ጥቅል የተሞላበት ነበር። ሻጩ ጊጋባይቱን ሲጠራልኝ በዩሮ መንዝሬ፣ ከፍራንክፈርቱ ጋር አስተያይቼ፣ ሌላ ነገር ሳልጠይቅ ከፈልኩ። የአገልግሎት ጊዜው አንድ ሳምንት ብቻ ነበር። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቀናት አዲስ አበባ በዘመድ ቤት ዋይፋይ አሳለፍኩ፤ ሌሎቹን ሁለት ቀናት ደግሞ፣ እንደምተርከው፣ ኔትወርክ በሌለበት ቦታ። በሠርጉ ዋዜማ ሙሽራዋ እጇን ሒና ስትሞቅ ፎቶግራፍ እያነሣሁ ሳለ ጥቅሉ ግማሹ እንኳን ሳይነካ ጊዜው አለፈበት። ጉዳቱ በዚህ ቢያበቃ መልካም ነበር። ዳታው ክፍት እንደሆነ ስለቀረ ስልኬ ያነሣኋቸውን ፎቶግራፎች ወደ ኢንተርኔት ማኅደሬ መላኩን ቀጠለ፤ ጥቅል በሌለበት ደግሞ ሒሳቡ የሚቆረጠው ከዋናው ሒሳብ በመደበኛ ታሪፍ በመሆኑ፣ ለአስቸኳይ ጥሪ ብዬ የሞላሁት 200 ብር ሙሽራዋ ከመቀመጫዋ ሳትነሣ አለቀ። ስለ ጊዜ ገደቡ ሻጩ ቢነግረኝ፣ ጥቅሉ ሲያበቃም ዳታው በራሱ ቢቆም ኖሮ ቅሬታ ባልነበረኝ፤ የማስጠንቀቂያ መልእክቱ የደረሰኝ ገንዘቡ ካለቀ በኋላ ነው።

ምርጫ ራሱ ለእኛ አገር አዲስ ነገር መሆኑን ግን መዘንጋት አይገባም። እኔ ከአገር ስወጣ ‘የትኛውን ሲም ልግዛ’ የሚባል ጥያቄ አልነበረም፤ ያለው አንድ ነበር። በሳፋሪኮም የሚመራው ጥምረት በ850 ሚሊዮን ዶላር ፈቃድ ያገኘው በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሲሆን፣ አዲስ አበባ ላይ አገልግሎት የጀመረው በመስከረም 2015 ዓ.ም. ነው። ዛሬ በ09 የሚጀምረው የኢትዮ ቴሌኮም ቁጥርና በ07 የሚጀምረው የሳፋሪኮም ቁጥር በአንድ ስልክ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠው ማየት የተለመደ ሆኗል፤ በ*999# እና በ*777# የሁለቱንም ጥቅሎች ከፍቶ ዋጋና የቀን ገደብ ማስተያየት ይቻላል። እንግዳ ሰው በፓስፖርቱ፣ ትውልደ ኢትዮጵያዊ ደግሞ በቢጫ ካርዱ ሊመዘገብ ይችላል። ‘ግድ የለም በእኔ ስም ይሁን’ የሚል አዛኝ ዘመድ ቢገኝም በራስ ስም ማስመዝገቡ ይበልጣል፤ ምክንያቱም ዛሬ ስልክ ቁጥር የገንዘብ ቦርሳም ነው፤ ቴሌብር ከግንቦት 2013 ዓ.ም.፣ ኤም-ፔሳ ደግሞ ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠሩት በዚሁ ቁጥር ነው፤ ቁጥሩ በማን ስም እንደሆነ የሚጠየቅበት ቀን ደግሞ አይታወቅም።

ወደ ወሎ ልመለስ። ከአዲስ አበባ ኮምቦልቻ በአውሮፕላን፣ ከኮምቦልቻ ደሴ በሐረጎ ጠመዝማዛ መንገድ በመኪና ወጣሁ። መኪናው በታጠፈ ቁጥር የኔትወርኩ ምልክት ከአራት መስመር ወደ አንድ ሲወርድ፣ ተመልሶም ሲወጣ አየሁ፤ በዚያ ጊዜ ግን ነገሩን ከቁም ነገር አልቆጠርኩትም። በማግሥቱ ፒያሳ አካባቢ ሁለተኛ ሲም ልግዛ ብዬ ጃንጥላ ዘርግታ ከተቀመጠች ወጣት ዘንድ ቆምኩ። ስለ ዋጋ ስጠይቃት በጥያቄ መለሰችልኝ፦

“ጋሼ፣ የሚቀመጡት ከተማ ነው ገጠር?”

“ሁለቱም ጋ ነው። ለሁለት ቀን ከኩታበር ወዲያ አክስቴ ዘንድ እወርዳለሁ።”

“እንግዲያው አክስትዎ ምን ሲም እንደያዙ ይጠይቁልኝና እሱን ልስጥዎ።”

በጉዞዬ ሁሉ ካገኘኋቸው ሻጮች፣ ፍራንክፈርት ያሉትን ጨምሬ፣ ከጊጋባይት በፊት የምቆምበትን መሬት የጠየቀችኝ እርሷ ብቻ ናት። እኔ ግን እንደ አዋቂ ሆኜ ‘አብሽሪ፣ እኔ አውቀዋለሁ’ ብዬ ከሁለተኛው ኩባንያ አንድ ሲም፣ በእርሱም ላይ የአንድ ወር ጥቅል ገዛሁ። አሁን ሁለቱንም ይዣለሁ፤ ከእንግዲህ ምን ይቸግረኛል ብዬ ነበር።

የአክስቴ መንደር ውሃው ወደ በሽሎ በሚወርድ ተዳፋት ላይ ነው። ቤቷ ከሸንተረሩ በስተጀርባ ስለሆነ ከሁለቱ ሲሞች አንዱ ጨርሶ ጠፋ፤ ሌላው ደግሞ አንድ መስመር እያሳየ ጥሪ ሲሞከር ይቆረጣል። አክስቴ ስልኬን ወዲያና ወዲህ ሳነሣ ስታየኝ፣ “ልጄ፣ እዚህ አትድከም፤ ከአውድማው ጫፍ፣ ድንጋዩ ላይ ቁም” አለችኝ። ድንጋዩ በሰው እግር ብዛት ለስልሷል። እውነትም እርሱ ላይ ስቆም ድምፅ ጥርት ብሎ ገባ፤ ሁለት እርምጃ ወደ ጭዱ ክምር ስጠጋ ጠፋ። የሬዲዮ ሞገድ በተራራ ውስጥ አያልፍም፤ በተለይ ፈጣን ዳታ የሚጫንባቸው ከፍ ያሉ ድግግሞሾች ከማማው ብዙ ሳይርቁ ይደክማሉ፤ ለድምፅ የሚያገለግሉት ዝቅ ያሉት ግን ራቅ ብለውም ይደርሳሉ። ለዚህ ነው በአንድ መንደር ውስጥ ጥሪ እየሠራ ኢንተርኔት የማይከፈተው። ጠፍቶ የቀረውን ሲም ስም እዚህ የማልጽፈው ኩባንያውን ለመሸፋፈን ብዬ አይደለም፤ በሳምንቱ ሐይቅ ዳር ከጓደኞቼ ጋር ስውል ነገሩ ተገልብጦ፣ ያ የጠፋው ደኅና ሲሠራ የአክስቴ ቤቱ ጎበዝ ደግሞ ሲንገታገት አይቻለሁ። ወሎ ላይ ሲም የሚመርጥልህ ሸንተረሩ ነው፤ ዋጋ የሚመጣው ከእርሱ ቀጥሎ ነው። በነገራችን ላይ ኔትወርክ የጠፋበት ሲም በስልክ ውስጥ ሲተው ስልኩ ማማ ፍለጋ ባትሪውን ይጨርሳል፤ ቻርጅ የሚደረገው በጎረቤት የፀሐይ መብራት በሆነበት ቤት ይህ ቀላል ጉዳይ ስላልሆነ፣ የማይሠራውን ሲም ከስልኩ ቅንብር ውስጥ ማጥፋት ይጠቅማል።

ለአክስቴ ስጦታ ብዬ የወሰድኩላት ያገለገለ ስማርት ስልክ ነበር። ልጇ ጂዳ ይሠራል፤ እንደ ብዙ የወሎ እናቶች ልጇን የምታየው በኢሞ፣ ያውም በጎረቤት ልጅ ስልክ ነው። ከባለቁልፍ ስልኳ ሲሟን አውጥቼ አዲሱ ላይ ጨመርኩ፤ የሳምንት ዳታም ገዛሁላት። በሁለተኛው ቀን ዳታው የለም። አክስቴ ስልኩን እንዳልነካችው ምላ ተገዘተች፤ እውነቷን ነው። አውድማው ላይ ረስታው ባደረበት ሌሊት ስልኩ ከጀርመን ይዞት የመጣውን የመተግበሪያ ሁሉ ማደሻ ሲያወርድ አድሮ ነው። ይባስ ብሎ ዋናው ሒሳቧም ዜሮ ስለነበር መደወልም አልቻለችም፤ እኔ የፈየድኩላት ነገር ቢኖር ያላትን ስልክ መንሣት ነበር።

ከዚያ በኋላ ከእህቴ ልጅ ጋር ተቀምጠን ያደረግነው ነገር እስካሁን ስለሠራ በዝርዝር ልናገረው። የአክስቴ የቀድሞ ሲም ወደ ባለቁልፍ ስልኳ ተመለሰ፤ በእርሱ ላይ የ30 ቀን የድምፅ ጥቅል ብቻ ይሞላል። ለስማርት ስልኩ ሌላ ሲም በእርሷ ስም አወጣን፤ በዚህኛው ላይ ካርድ ፈጽሞ አይሞላም፤ የሚገባለት የዳታ ጥቅል ብቻ ሲሆን እርሱንም የእህቴ ልጅ ከደሴ ሆና በስጦታ መልክ ትልክላታለች። ዋናው ሒሳብ ባዶ ከሆነ ጥቅሉ ሲያልቅ የሚቆረጥ ነገር የለም፤ ዳታው ይቆማል፣ ነገሩም በዚያው ያበቃል። ቦሌ ላይ ይህን ባውቅ ኖሮ 200 ብሬ ይተርፈኝ ነበር። ራሱን በራሱ የሚያድሰውን ነገር ሁሉ ዘጋን፤ ከኢሞ በቀር በስውር ዳታ የሚጠቀም መተግበሪያ እንዳይኖር አደረግን። በስልኩ መቁጠሪያ እንዳየሁት የ20 ደቂቃ የቪዲዮ ወሬ ወደ 100 ሜጋባይት ሲጠጋ፣ ያንኑ ያህል ጊዜ በድምፅ ብቻ ሲወራ ከ15 አልበለጠም። ስለዚህ በሳምንት አንድ ጊዜ ፊት ለፊት፣ የቀረውን በድምፅ እንዲሆን ከልጇ ጋር ተስማምተናል።

‘ኢንተርኔት ካለ ለድምፅ ጥቅል ለምን ይከፈላል?’ ብሎ የሞገተኝ ወዳጅ ነበር። የወሎን ያለፉ ዓመታት ያላየ ሰው ቢጠይቅ አይፈረድበትም። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ ሁሉም ነገር ተቋርጦ ስለነበር የአክስቴን ድምፅ የሰማሁት ከሳምንታት በኋላ ነው። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ሲቋረጥ በዳታ ብቻ ይገናኙ የነበሩ ቤተሰቦች ያገኙት ዝምታን ነበር፤ ተራ ጥሪ በሚሠራበት ቦታ ሁሉ የድምፅ ጥቅል የያዘ ሰው የተሻለ አልፎታል። ስለዚህ ለገጠር ዘመዴ ስመርጥ ሙሉውን ገንዘብ ዳታ ላይ ማፍሰስ፣ በወረቀት ርካሽ ቢሆንም፣ ለእኔ አያዋጣም።

ርካሽ ስል ደግሞ የማን ርካሽ እንደሆነ መለየት አለብኝ። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ በመውጣቱ፣ በዩሮ ለምናስብ ሰዎች አገር ቤት ያለው ጥቅል ሁሉ የቡና መጠጫ ሆኖ ይታየናል። አክስቴ የምታስበው ግን በእንቁላልና በቅቤ ነው። የመጀመሪያውን የሳምንት ጥቅል ዋጋ ስነግራት ስንት እንቁላል እንደሚሆን ወዲያው አስልታ፣ “በሳምንት?” ብላ ነበር የጠየቀችኝ። በየሳምንቱ ከሚገዛው ይልቅ የወሩ ጥቅል ለአንድ ሜጋባይት ያነሰ እንደሚያስከፍል ሳስረዳት ደግሞ፣ ለወሩ የሚሆነው ገንዘብ በአንድ ጊዜ ከየት ይመጣል አለች። ትንንሾቹ የቀን ጥቅሎች ውድ መሆናቸው እየታወቀ ገበያቸው የማይቀዘቅዘው ለዚህ ነው፤ የወሩን ክፍያ በአንድ ጊዜ መክፈል የሚችለው ከውጭ የምንልከው እኛ ስለሆንን፣ ገንዘቡ በወር አንድ ጊዜ ለዚሁ እንዲውል አድርጌያለሁ።

የባለቁልፉ ስልክ ጥቅል ሲያልቅ ምልክታችን ሚስድ ኮል ነው። ለዚያ ብለን 5 ብር በዋናው ሒሳብ ላይ እንዳትነካ ትተንላታል፤ እርሷ ወደ ደሴ ትደውላለች፣ የእህቴ ልጅ ሳታነሣ ትዘጋና ጥቅሉን ትልካለች። ባለፈው ወር ሚስድ ኮሉ የመጣው ገና በ19ኛው ቀን ነበር። የእህቴ ልጅ ደንግጣ መልሳ ብትደውል፣ አክስቴ ለመንደሩ ሰው ሁሉ “ደውሉ፣ ጥቅል አለኝ” እያለች ስልኩን ስታውስ ሰንብታ ኖሯል። ከዚህ ወር ጀምሮ ከፍ ያለውን ጥቅል እንድትሞላላት ነግሬያታለሁ።