ሁለት ሊኑክስ በአንድ ላፕቶፕ፦ ግረብ ይሻላል ወይስ ሪፋይንድ?

የፖሊ ካምፓስ ተማሪዎች በየሳምንቱ የሚያመጡልኝ ጥያቄ አንድ ነው፦ «ኡቡንቱ ላይ ፌዶራ ጨመርኩና ኡቡንቱ ጠፋብኝ» (ሁለቱም የሊኑክስ ዓይነቶች ናቸው)። አልጠፋም። በኋላ የተጫነው የራሱን ማስነሻ (ላፕቶፑ ሲበራ ሲስተሙን የሚጠራውን ፕሮግራም) ከፊት ስላሰለፈ ነው።

እኔም ይህን ባለማወቄ እዚሁ ባሕር ዳር አንድ ጥገና ቤት 800 ብር ከፈልኩ። ባለሙያው ዲስኩን ፎርማት አድርጎ፣ የመመረቂያ ሥራዬን ጭምር ደምስሶ መለሰልኝ። እንደገና ልጭን 450 ብር አውጥቼ የገዛሁት «64 ጊጋ» ፍላሽ ደግሞ ፎርጅድ ነበር፤ ኤፍ3 በሚባለው ነጻ ፕሮግራም ስፈትሸው 4 ጊጋ ብቻ ሆኖ ተገኘ። የኡቡንቱ 24.04 ፋይል 6 ጊጋ ገደማ ነው፤ ለማውረድ ያቃጠልኩት ዳታም ከንቱ ቀረ። ላፕቶፑ ሲነሳ ኤፍ12ን (ኤችፒ ላይ ኤፍ9ን) ብጫን ኖሮ ሁለቱም ሲስተሞች ተዘርዝረው አያቸው ነበር፤ ያለ አንድ ሳንቲም።

ግረብም ሪፋይንድም የትኛው ሲስተም እንዲነሳ የሚያስመርጡ ማስነሻዎች ናቸው፤ ሁለቱም በነጻ ይገኛሉ። እኔ የምመርጠው ሪፋይንድን ነው።

ግረብ ከሊኑክሱ ጋር አብሮ ስለሚመጣ ብዙው ሰው እሱኑ ይዞ ይቀራል። ግን እ.ኤ.አ. በ2021 ከወጣው 2.06 ስሪት ጀምሮ ሌላ ሲስተም የሚፈልግለት ኦኤስ-ፕሮበር የሚባል ፕሮግራም ተዘግቶ ነው የሚመጣው። ከፍታችሁትም ቢሆን፣ ሜኑውን የሚያሳያችሁ የኡቡንቱ ግረብ ከሆነ፣ ፌዶራ ከርነሉን (የሲስተሙን እምብርት) ባደሰ ቁጥር ኡቡንቱ ገብታችሁ የግረብን ሜኑ ማደስ አለባችሁ። ሚንት የሚባለውን ሊኑክስና ኡቡንቱን አብራችሁ ከጫናችሁ ደግሞ ይብሳል፤ ሁለቱም ማስነሻቸውን «ኡቡንቱ» በሚባል አንድ ፎልደር ውስጥ ስለሚያስቀምጡ የኋለኛው የፊተኛውን ይደመስሰዋል።

ሪፋይንድ በተነሳ ቁጥር ዲስኩን ራሱ ያስሳል። ያገኘውን ሁሉ በምስል ይደረድራል፤ ኤክስት4ን (ሊኑክስ ፋይል የሚያስቀምጥበትን የዲስክ አደረጃጀት) ስለሚያነብ ማስነሻው የተደመሰሰበትን ሲስተም እንኳ በቀጥታ ከከርነሉ ሊያስነሳ ይችላል። መጠኑ ጥቂት ሜጋባይት ነው፤ ከኡቡንቱ ማከማቻ በአንድ ትእዛዝ ይወርዳል። ሴኪዩር ቡትን (ያልተፈረመ ማስነሻ እንዳይነሳ የሚከለክለውን የላፕቶፑን መቆለፊያ) ግን አስቀድማችሁ አጥፉት፤ አለዚያ ላይነሳ ይችላል።

ላፕቶፓችሁ ዩኢኤፍአይ (ላፕቶፑ ሲበራ መጀመሪያ የሚሠራው አዲሱ ውስጠ-ፕሮግራም) የሌለው፣ በድሮው ባዮስ ብቻ የሚነሳ ከሆነ ሪፋይንድ አይሠራም፤ እዚያ ላይ ግረብን ያዙ። ከሁሉ በፊት ግን ፋይላችሁን ሌላ ቦታ ገልብጡ፣ ፍላሹንም ሱቁ በር ላይ እንዳላችሁ በኤፍ3 ፈትሹት።