ቤታችንን በሴክሽን ኤይት ስናከራይ ለረዱን ሴት ምስጋና፣ ለአከራዮች ደግሞ ጥቆማ

ሰላም ወገኖቼ። ይህን የምጽፈው በሜሪላንድ፣ ሞንትጎመሪ ካውንቲ ቤት ለምታከራዩና ለማከራየት ለምታስቡ ነው። ከሁሉ በፊት ግን አንዲት የመንግሥት ሠራተኛን በአደባባይ ማመስገን እፈልጋለሁ። የካውንቲው የቤቶች ቢሮ፣ ብዙዎቻችን ኤች ኦ ሲ የምንለው ማለት ነው፣ የሴክሽን ኤይት ቫውቸሮችን (ገቢው አነስተኛ ለሆነ ተከራይ መንግሥት የኪራዩን አንድ ክፍል የሚከፍልበትን ወረቀት) የሚያስተዳድረው እሱ ነው። እዚያ የሚሠሩ አንዲት ሴት ከመጀመሪያው ስልክ ጀምሮ ክፍያው አካውንታችን እስኪገባ ድረስ አልተለዩንም። ስማቸውን ያላወጣሁት ሳላስፈቅድ መጻፉ ደስ ስላላለኝ ነው። ሥራቸውን ግን ልንገራችሁ።

ጀርመንታውን ያለው ታውንሃውስ የእናቴና የእኔ ነው። እናቴ ልጆቼን ለመያዝ እኔ ጋ ስትገባ ቤቱ ባዶ ቀረ። ሞርጌጁ ግን ባዶ ነው ብሎ አይምርም። ማስታወቂያ ስናወጣ መጀመሪያ ከደወሉት አንዷ ሁለት ልጆች የምታሳድግ እናት ነበረች። «ቫውቸር አለኝ፣ ትቀበላላችሁ?» አለችኝ። እስኪ ልጠይቅ ብዬ ለሰው ሳማክር የሰማሁትን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። «አትሞክሪው! ቤትሽን አፍርሰውት ነው የሚሄዱት»፣ «ክፍያው አይመጣም»፣ «አንዴ ከገቡ አይወጡም»። ይህን ካሉኝ መካከል በፕሮግራሙ አከራይቶ የሚያውቅ አንድም ሰው አልነበረም።

የእናቴ ፍርሃት ግን ሌላ ነው። በ1967 ዓ.ም. ደርግ በአዋጅ ቁጥር 47 ትርፍ ቤት ሲወርስ፣ አያቴ ያከራዩት የነበረው ቤት የቀበሌ ሆኖ ቀረ። ስለዚህ «መንግሥት» እና «ኪራይ» የሚሉት ሁለት ቃላት በአንድ አረፍተ ነገር ሲመጡ ደሟ ይፈላል። በዚህ አልፈርድባትም። እኛ ማኅበረሰብ ውስጥ ብዙ ትልልቅ ሰዎች ይህን ፕሮግራም የሚሸሹት በዚሁ ምክንያት ይመስለኛል፤ አፍ አውጥተው አይናገሩትም እንጂ።

ቢሮው ስደውል እኒህ ሴት አነሱት። እናቴ አብራኝ እንደምትወስንና እንግሊዝኛዋ እንደማያወላዳ ስነግራቸው፣ ሳይሰላቹ የአማርኛ አስተርጓሚ መስመር ላይ አስገቡልን። በነፃ ነው። ስልኩን ድምፁን ከፍ አድርገን የምግብ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥነው። እናቴ ነጠላዋን አስተካክላ፣ ጉሮሮዋን ጠርጋ፣ የመጀመሪያ ጥያቄዋን አቀረበች፦ «መንግሥት ገብቶበት ሲያበቃ ቤቱ የማን ነው የሚሆነው?»

ሴትዮዋ አልሳቁም። ለምን እንደዚያ እንዳሰበች ጠየቋት። እናቴ የአያቴን ቤት ነገር ነገረቻቸው። ዝም ብለው ሰምተው ሲያበቁ ቀስ ብለው አስረዷት። ቤቱ የእርስዎ ነው አሏት። ተከራይ የሚመርጡትም እርስዎ ነዎት። የኪራይ ውሉ በእርስዎና በተከራይዋ መካከል ነው። ቢሮው ከእርስዎ ጋር የሚፈርመው ሌላ ውል አለ፣ እሱ ደግሞ የኪራዩን አንድ ክፍል በየወሩ እከፍላለሁ የሚል ነው። ተከራይዋ ከለቀቀች ያ ውል ያበቃል፣ ከዚያ በኋላ ለማንም ማከራየት ይችላሉ። ቀጣዩንም በቫውቸር አከራዩ ብሎ የሚያስገድድዎት ውል የለም።

እናቴ ትንሽ አሰበችና «ሥራ ብትፈታስ?» አለች። ይህ ጥያቄ ለእኔም ትምህርት ነበር። ቫውቸር የሌለው ተከራይ ሥራ ሲያጣ ኪራዩ ሁሉ አደጋ ላይ ይወድቃል። በቫውቸር ግን ተከራይዋ የገቢዋን ለውጥ ለቢሮው ስታሳውቅ ድርሻዋ እንደገና ይሰላል፤ የእሷ ሲቀንስ የቢሮው ይጨምራል። በአንድ ሌሊት አይሆንም፣ ወረቀት አለው። ቢሆንም ብዙ አከራይ ይህን አያውቅም።

ስለ ገንዘቡ ትንሽ ላብራራ። ፕሮግራሙ በአሜሪካ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1974 በወጣ ሕግ ነው። ገንዘቡ የፌዴራል መንግሥት ነው፣ የሚያስተዳድሩት ግን የየአካባቢው የቤቶች ቢሮዎች ናቸው። ተከራዩ በአብዛኛው የሚከፍለው፣ ተቀናሾች ከወጡለት በኋላ ካለው ወርሃዊ ገቢ 30 ከመቶ ያህሉን ነው። ቀሪውን ቢሮው ለአከራዩ በቀጥታ ይልካል። ለምሳሌ የተጣራው ገቢ በወር 2,000 ዶላር ቢሆን፣ ኪራዩ ደግሞ መብራትና ውሃን ጨምሮ 2,500 ቢሆን፣ ተከራይዋ 600 ገደማ፣ ቢሮው 1,900 ገደማ ይከፍላሉ። ይህ ግን ኪራዩ ቢሮው እንደ መኝታ ክፍሉ ብዛት ካወጣው ጣሪያ ካላለፈ ነው። ካለፈ ልዩነቱ ተከራይዋ ላይ ይወድቃል። ያኔም ቢሆን መጀመሪያ ስትገባ በድምሩ ከገቢዋ 40 ከመቶ በላይ እንድትከፍል አይፈቀድም። ስለዚህ ዋጋ ከመቁረጣችሁ በፊት የሠፈራችሁን ጣሪያ ጠይቁ። እኛ ያንን ጠይቀን ነው ዋጋ ያወጣነው፤ ሁለተኛ ዙር ድርድር አላስፈለገንም።

ሂደቱ ብዙ አይደለም፣ ቅደም ተከተሉ ግን መጠበቅ አለበት። ተከራዩን የምታጣሩት እናንተ ናችሁ። ቢሮው የቫውቸር መብቷን እንጂ ጥሩ ተከራይ መሆኗን አያጣራም። ይህን ብዙ ሰው ይዘነጋዋል፤ «መንግሥት ያመጣት ናት» ብሎ ማጣራቱን ይተወዋል። የቀድሞ አከራይዋ አድራሻ ቢሮው ዘንድ ካለ ጠይቃችሁ ማግኘት ትችላላችሁ። ደውላችሁ አናግሩ። ከተስማማችሁ ተከራይዋ ከቫውቸሯ ጋር የተሰጣትን የኪራይ ማጽደቂያ ቅጽ ታመጣለች። ኪራዩን፣ መብራትና ጋዝ የማን እንደሆነ፣ ቤቱ የተሠራበትን ዓመት ሞልታችሁ፣ ከውሉ ረቂቅ ጋር ታስገባላችሁ። ቢሮው ኪራዩን በአካባቢው ካሉ ተመሳሳይ ቤቶች ጋር ያመዛዝናል። ከዚያ ኢንስፔክሽን፣ ከዚያ ውል። ካውንቲያችን ውስጥ የማከራያ ፈቃድ ያስፈልጋል፣ እሱን ቀድማችሁ አውጡ። ቤታችሁ እ.ኤ.አ. ከ1978 በፊት የተሠራ ከሆነ ደግሞ የሜሪላንድ የእርሳስ ቀለም ምዝገባ አለ። የኛ አዲስ ስለሆነ ከዚህኛው ተርፈናል።

ኢንስፔክሽኑን ሰው ሁሉ ይፈራዋል። እኔ እዚያው ቆሜ ያየሁትን ልንገራችሁ። ኢንስፔክተሩ ጫማው ላይ ፕላስቲክ አጥልቆ ገባ። ምድጃውን አራቱንም አንድ በአንድ ለኮሰ። ሙቅ ውሃውን ከፍቶ እጁን ከሥሩ ያዘ። በየፎቁ የጭስ ማስጠንቀቂያውን ቁልፍ ተጭኖ እያስጮኸ አለፈ፤ የካርቦን ሞኖክሳይዱንም እንደዚሁ። መስኮቶቹን ከፍቶ ዘጋ፣ መቆለፊያቸውን ሞከረ። ስለ ቀለሙ ማማር ወይም ስለ ካቢኔቱ እርጅና አንድ ቃል አልተነፈሰም። የያዘብን ሁለት ነገር ነው፦ ምድር ቤት ያለው አንዱ መስኮት አይቆለፍም፣ የቤዝመንቱ ደረጃ ደግሞ የእጅ መደገፊያ የለውም። ሁለቱም ሕፃናት ላሉት ቤተሰብ ተገቢ ናቸው፣ ለማንም ተከራይ ቢሆን ልናደርጋቸው የሚገቡ ነበሩ። እኒያ ሴት በዚያው ቀን ደውለው ምን ዓይነት መደገፊያ እንደሚበቃ በግልጽ ነገሩን። አንድ የሠፈራችን ልጅ፣ እጁ ወርቅ የሆነ፣ ሁለቱንም በአንድ ቅዳሜ ጨረሰልን። ድጋሚው ምርመራ ያለ ጣጣ አለፈ።

ሴትዮዋን ከሁሉ በላይ የማመሰግንበት ግን ሌላ ነገር አለ። ልናደርጋቸው የማይገቡንን ሳንጠይቅ ነገሩን። ለቅርብ ዘመድ ማከራየት አይቻልም፦ ለወላጅ፣ ለልጅ፣ ለአያት፣ ለልጅ ልጅ፣ ለእህት፣ ለወንድም። አካል ጉዳት ላለበት ሰው ቢሮው አስቀድሞ ካልፈቀደ በቀር። እኛ ሐበሾች «እህቴ ቫውቸር ደርሷታል፣ እኔ ጋ ትግባ» እንላለን፣ ክፋት ሳይኖርበት። ፕሮግራሙ ግን አይፈቅደውም። ሁለተኛው የጎን ክፍያ ነው። ውሉ ላይ ከተጻፈው በላይ በእጅ መቀበል፣ «ለፓርኪንግ ነው» ብሎም ቢሆን ቢሮው ያላወቀውን ገንዘብ መውሰድ፣ ማጭበርበር ነው። ሦስተኛው ቤቱ ኢንስፔክሽን ሳያልፍ ቁልፍ መስጠት ነው። ቤቱ ከማለፉ በፊት ላሉት ቀናት ቢሮው አይከፍልም። ተከራይዋ የሆቴል ገንዘብ ስላለቀባት ቶሎ ልትገባ ትለምን ነበር፣ አንጀቴን በልታኛለች። ሴትዮዋ ለእኛ «ቁልፉን አሁን አትስጡ» አሉን፤ ለእሷ ደግሞ የምርመራውን ቀን ለማፋጠን የቻሉትን ሁሉ አደረጉ። ሁለታችንንም ነው የጠበቁን።

የማይጥመውንም አልደበቁንም። የመጀመሪያው ክፍያ ውሉ ከሁለቱም ወገን እስኪፈረም አይለቀቅም፤ ሲለቀቅ ግን ከውሉ መጀመሪያ ቀን ጀምሮ ታስቦ ነው። ስለዚህ ለሞርጌጁ ትንሽ መጠባበቂያ ይኑራችሁ። በኋላ በሚደረግ ምርመራ ጉድለት ተገኝቶ በተሰጠው ጊዜ ካልጠገናችሁ ቢሮው ክፍያውን ያቋርጣል፣ ያንን ገንዘብ ከተከራዩ መጠየቅም አትችሉም። ለሕይወት የሚያሰጋ ጉድለት ከሆነ ጊዜው 24 ሰዓት ነው፣ ሌላው በአብዛኛው 30 ቀን። ኪራይ መጨመር ስትፈልጉ ቢያንስ ከ60 ቀን በፊት ለቢሮው በጽሁፍ አሳውቁ። ተከራይ ውሉን ከጣሰ እንደማንኛውም ተከራይ ፍርድ ቤት መሄድ ትችላላችሁ፣ የማስጠንቀቂያውን ቅጂ ግን ለቢሮው ስጡ። ዲፖዚት መያዝም ይፈቀዳል፤ ሜሪላንድ ውስጥ ከኦክቶበር 2024 ወዲህ ለሚጀመሩ ውሎች በአብዛኛው ከአንድ ወር ኪራይ አይበልጥም።

አንድ ነገር ደግሞ እወቁ። «ቫውቸር አልቀበልም» ብሎ ማስታወቂያ ላይ መጻፍ፣ በዚያ ምክንያት ብቻ ሰው መመለስ፣ ሞንትጎመሪ ካውንቲ ውስጥ ከድሮ ጀምሮ ክልክል ነው። ከ2020 ወዲህ በመላው ሜሪላንድም ሕግ ሆኗል። ዲሲም እንደዚሁ ነው። ቨርጂኒያም ከ2020 ጀምሮ ከልክላለች፣ ጥቂት ቤት ብቻ ያላቸውን አከራዮች ግን አትነካም። የምታጣሩበት መመዘኛ ለሁሉም አመልካች አንድ ይሁን።

ተከራይዋ ገብታለች። የቢሮው ድርሻ በወሩ መጀመሪያ አካውንታችን ይገባል፣ የእሷም ይመጣል። ትልቁ ልጇ በእግሩ የሚሄድበት ትምህርት ቤት አግኝቷል። ቫውቸር ሲሰጥ አዲስ ወደ ፕሮግራሙ ከሚገቡት ቢያንስ 75 ከመቶው እጅግ ዝቅተኛ ገቢ ያላቸው እንዲሆኑ ሕጉ ያዛል። ወረፋውም ብዙ ቦታ ዓመታት ይፈጃል። ያን ያህል ጠብቀው ወረቀቱን ካገኙ በኋላ ደግሞ ቤት መፈለጊያ የተወሰነ ጊዜ ብቻ ነው የሚሰጣቸው። ቢያንስ 60 ቀን ነው፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ የሚቀበል አከራይ ካላገኙና ካልተራዘመላቸው ቫውቸሩ ከእጃቸው ይወጣል። የኛው ሰዎችም አሉበት፣ አዛውንቶች፣ የታመሙ፣ ብቻቸውን ልጅ የሚያሳድጉ። ባዶ ቤት ይዞ በወሬ ምክንያት እነሱን መመለስ ያሳዝነኛል።

እህቴ ሆይ፣ ይህ ጽሁፍ በሆነ መንገድ ተተርጉሞ ቢደርስዎት፣ እናቴን እንደ ሰው ስላዳመጧት ከልብ እናመሰግናለን። ዕድሜና ጤና ይስጥልን።

ለሌሎቻችሁ፦ ኤች ኦ ሲ ስትደውሉ የቫውቸር ፕሮግራሙን የአከራዮች ጉዳይ የሚይዘውን ሰው አገናኙኝ በሉ። ዲሲ ከሆናችሁ የዲሲ ቤቶች ባለሥልጣን፣ ፌርፋክስ ከሆናችሁ የካውንቲው የቤቶች ባለሥልጣን ነው የሚመለከታችሁ። ከመደወላችሁ በፊት የማከራያ ፈቃዳችሁን፣ የባንክ አካውንት ቁጥራችሁንና የታክስ መለያችሁን አጠገባችሁ አድርጉ። አማርኛ ከቀለላችሁ ደግሞ ስልኩ እንደተነሳ «አምሃሪክ» በሉ፣ አስተርጓሚ ያመጡላችኋል።